ላልመጣው ሲሶ

በ2061 ዓ.ም. አሰላ ውስጥ፣ የሦስተኛ «ለ» ክፍል በኮሪደሩ በኩል ሲሰማ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ካፊያ ይመስል ነበር። ስልሳ ሁለት ልጆች፣ እያንዳንዳቸው ከጆሯቸው ጀርባ ከተለጠፈላቸው አጋዥ ጋር በሹክሹክታ ያወራሉ። አንዱ የሰባትን ማባዣ ይቆጥራል፣ አንዷ ስለ ንብ ትጠይቃለች፣ ከጎኗ ያለው ልጅ ደግሞ ገና ፊደሉን አልጨረሰም። ማንም ማንንም አይረብሽም። «ቲቸር፣ እኔ! እኔ!» እያለ ጣቱን የሚያጮህ ልጅ ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። የአጋዡ ስም በመንግሥት ወረቀት ላይ ረጅም ነው፤ ልጆቹ ግን መልኳን አይተው «ባቄላ» ብለዋታል፣ እኛም ባቄላ እንበላት።

ቲቸር ጥሩወርቅ በወንበሮቹ መሐል ትመላለሳለች። ሥራዋ ትከሻ መንካት ነው። በእጇ የያዘችው ሰሌዳ ላይ ስልሳ ሁለት አረንጓዴ ነጥቦች ተደርድረዋል። አንድ ልጅ ሊሳሳት ሲል ነጥቡ ቢጫ ይሆናል፤ ሰሌዳውም «አራተኛ ረድፍ፣ መስኮት ጥግ፣ ቀኝ ትከሻ፣ ሦስት ሰከንድ» ይላታል። ሄዳ ትነካዋለች። ባቄላዋ ለልጁ ቀናውን መንገድ ትጠቁመዋለች፣ ነጥቡም ተመልሶ አረንጓዴ ይሆናል። የሰው እጅ ሙቀት ልጅን ያረጋጋል ተብሎ በጥናት ስለተረጋገጠ መምህራን ከሥራ አልወጡም። ቀሪው አካላቸው ለምን እንደሚያስፈልግ ግን ጥናቱ ያለው ነገር አልነበረም።

ከክፍል ሲወጡ የሚሞሉት ቅጽ «የዕለቱ ትከሻ» ይባላል። ጥሩወርቅ በቀን ሰማንያ ትከሻ የነካችበት ዘመን ነበር። ዘንድሮ ግን አራት ወይ አምስት ቢሞላ ነው። አንዳንድ ቀን እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ፣ በልጆቹ ሹክሹክታ መሐል እንደ ሕልም ስትንሳፈፍ ትውልና ባዶ ቅጽ ፈርማ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

ለዚህ ያበቃቻት ደግሞ ራሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባቄላዋ የምታውቀውን ስሕተት ሳይፈጸም ታስቀረዋለች፤ የማታውቀውን ግን ማስቀረት አትችልም። ስለዚህ የትምህርት ቢሮው በቀይ እስክሪፕቶ ዘመን ያስተማሩትን መምህራን ሁሉ ጠርቶ፣ በየቤታቸው ያከማቹትን የድሮ ደብተርና የፈተና ወረቀት እንዲያስረክቡ አዘዘ። ማስረከቢያው የቀድሞው ቤተ መጻሕፍት ነው። መምህሩ ገብቶ ግድግዳው ፊት ይቆማል፣ አንድ ልጅ የዛሬ ስንትና ስንት ዓመት የተሳሳተውን ያነባል፣ የተሳሳተውን ልጅ ስም ይናገራል። ግድግዳው «አመሰግናለሁ፤ ተይዟል» ይላል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በአገሪቱ ውስጥ ያንን ስሕተት የሚሳሳት ልጅ አይኖርም።

ጥሩወርቅ ጎበዝ አስረካቢ ነበረች። ሠላሳ ስድስት ዓመት ስታስተምር አንድም ወረቀት አልጣለችም። መጀመሪያ ላይ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም፤ ልጅ ተደናቅፎ እንዳይወድቅ የማይፈልግ መምህር የለምና። ደስታዋ የደፈረሰው በጭላሎ ምክንያት ነው።

«ዝናብ ከየት ይመጣል?» ተብለው ሲጠየቁ «ከጭላሎ» ብለው የሚጽፉ ልጆች በየዓመቱ አይጠፉም ነበር። ምን ያድርጉ፤ ደመናው በተራራው በኩል ሲመጣ እያዩ ነው ያደጉት። ጥሩወርቅ ይህንን አስረከበች። በዚያው ክረምት መግቢያ ጉሙ ከጭላሎ ወርዶ የክፍሉን መስኮት ሲያለብስ፣ አንዱን ልጅ በራሷ አፍ ጠየቀችው። «ከትነትና ከቅዝቀዛ» አላት፣ ወደ መስኮቱ ቀና እንኳ ሳይል። መልሱ ትክክል ነው። እሷ ግን ተራራው የሰማና የተቀየመ፣ አንድ እርምጃም ወደ ኋላ ያለ መሰላት። ከዚያ «ስንፈራ ምናችን ይመታል?» ሲባሉ «ሆዳችን» የሚሉትን አጣቻቸው። ከዚያም ሌሎቹን። የሰጠቻቸው ሁሉ ተመልሰው አይመጡም፤ ናፈቋት። ይህንን ለማን ትናገራለች? ስሕተት ናፈቀኝ የምትል መምህርት በቁሟ አብዳለች ነው የሚባለው። ዝም አይነቅዝም ብላ ዝም አለች።

አንድ ወረቀት ግን አላስረከበችም። አራት ቦታ ታጥፋ በሮስተሯ ሽፋን ውስጥ ተሸሽጋለች። የሦስተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ናት። ጥያቄው፦ «ሁለት ልጆች አንድ ዳቦ እኩል ቢካፈሉ ለእያንዳንዳቸው ምን ያህል ይደርሳቸዋል?» መልሱ፣ በተጣመመ የልጅ እጅ፦ «ሲሶ ሲሶ»። በመልሱ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ የተሰመረ ቀይ ኤክስ አለ። የኤክሱን ነገር ለነፍስ አባቷም አልተናገረችም።

መስከረም ላይ እንደ ሁሉም መምህር «በእጄ የቀረ ስሕተት የለም» ብላ ፈርማለች። ሕጉም አጭር ነው፤ ያላስረከበው ስሕተት የተገኘበት መምህር ክፍል አይገባም። ጡረታዋ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ባልም ልጅም የላትም፤ ያላት ይህ ሹክሹክታ ነው። እነዚህ ስልሳ ሁለቱ ወደ አራተኛ ሲያልፉ ካላየች ዓመቱ እንዴት እንደሚያልቅ አታውቅም።

ግንቦት ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሱፐርቫይዘሩ መጣ። በዳሳ ገመዳ ይባላል፤ አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ፀጉሩ ከፊት ሳስቷል፣ ሰው ሲያናግር አንገቱን ትንሽ ሰበር ያደርጋል። የጥሩወርቅ ተማሪ ነበር። ያን ጊዜም አንገቱን ሰበር ያደርግ ነበር።

«እንደምን አደሩ ቲቸር?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንኳን ደህና መጡ አቶ በዳሳ።»

«ኧረ ቲቸር፣ በእርስዎ አፍ አቶ ሲባል ያስደነግጠኛል። በሥላሴ፣ በዳሳ ይበሉኝ።»

«ሹመት ይከበራላ። ለስንት ቀን ነው?»

«ለዛሬ ብቻ ነው። የርስዎ ክፍል አራት ዓመት ሙሉ ያልታወቀ ስሕተት አልታየበትም። ዘንድሮም ከዘለቀ ምስጉን ይባላል፤ እሱን ለማረጋገጥ ነው።» ኋላ ረድፍ ላይ ባለች ጠባብ የልጅ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ።

ትምህርቱ ክፍልፋይ ነበር። ካፊያው ጀመረ። ግማሽ፣ ግማሽ፣ ግማሽ ይላል ክፍሉ፤ ስልሳ ምናምን ከንፈር አንድ ቃል ያንሾካሹካል። ጥሩወርቅ በዚያ ድምፅ ዓይኗ ክድን ሊል ሲል፣ ከሦስተኛ ረድፍ አንድ ሌላ ቃል ሰማች።

«ሲሶ።»

ሲፈን ናት። ሁልጊዜ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ የምትጎትት፣ ዝምተኛ ልጅ። ባቄላዋ ጥያቄውን በብርቱካን ለውጣ ጠየቀቻት መሰለኝ፤ «እሱም ሲሶ» አለች። በሸንኮራ ጠየቀቻት። «ሲሶ።» ሰባት ጊዜ ተጠየቀች፣ ሰባት ጊዜ ያንኑ መለሰች፤ ልክ የመንገደኛን ሰላምታ እንደሚመልስ ሰው፣ ሳትቆጣ፣ ሳትቸኩል።

ጥሩወርቅ ሰሌዳውን አየች። የሲፈን ነጥብ አረንጓዴም ቢጫም አልነበረም። ነጭ ሆኗል። ነጭ ነጥብ ካየች አራት ዓመቷ ነው። ከሥሩ ጽሑፍ መጣ፦ «ያልታወቀ ምላሽ። ይህንን ስሕተት ያውቁታል? እስከ መውጫ ሰዓት ካልተብራራ በተማሪዋ ስም ይያዛል።»

ቀና ስትል በዳሳ እያያት ነበር። እሱም ሰምቷል።

በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ወደ ሜዳ ሲወጡ፣ ሁለቱ ከክፍሉ ጀርባ ያለው ጽድ ሥር ቆሙ። ጉሙ ገና አልተነሣም፤ ልጆቹ በውስጡ ሲሮጡ እግራቸው ብቻ ይታያል።

«ቲቸር፣ ያቺ ልጅ ያለችውን ከዚህ በፊት ሰምተው ያውቃሉ?»

መዋሸት ትችል ነበር። አንድ ጊዜ ፈርማ ዋሽታለች፣ ሁለተኛው አይከብድም። ብትዋሽ ግን መውጫ ሰዓት ላይ «ሲሶ» በሲፈን ስም ይያዛል። ከነገ ጀምሮ ሲፈንም ሆነች ሌላ ልጅ ዳቦ ሲቆርሱ ያንን አያስቡም። እንደ ጭላሎ ዝናብ፣ ከአገር ይጠፋል። ወረቀቷን ሠላሳ አራት ዓመት መደበቋ ከእንግዲህ ማንንም አያድንም።

ሮስተሩን ከፈተች፣ ወረቀቷን አውጥታ ሰጠችው።

በዳሳ እጥፏን ቀስ ብሎ ዘረጋ። ከላይ «በዳሳ ገመዳ፣ 3ኛ ለ» ይላል። የገዛ እጁን ጽሑፍ እንደ ሌላ ሰው ጽሑፍ ሲያነብ ቆየ።

«ይቺን ነው ያላስረከቡት?» አለ በመጨረሻ።

«እሷን ነው።»

«ቲቸር፣ ፈርመዋል እኮ።»

«ፈርሜአለሁ። ዋሽቼ ነው።» ከዚያ በኋላ «አቶ»ውም «እርስዎ»ውም ከአፏ ወደቀ። «ታስታውሳለህ በዳሳ? ወረቀት ስመልስ የተሳሳተ መልስ ጮክ ብዬ አነብ ነበር። በዚያን ጊዜ እንደዚያ ነበር ክፍል የምናስቀው። ያንተን አነበብኩና፣ ‹ሦስተኛውን ሲሶ አይጥ በላው እንዴ?› አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።»

«አስታውሳለሁ።»

«ለምን ብዬ አልጠየቅኩህም። አንድ ቃል ነበረች፤ አልጠየቅኩህም። ካርድ መቀበያ ቀን እናትህ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ‹ሒሳቡን ያበላሸሁበት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ› አሉኝ። አባትህ መኪና ይዘው ሞያሌ እንደሄዱ አልተመለሱም። ለካ እናትህ ዳቦ ለአንተና ለእህትህ ሲቆርሱ ለአባትህም ያስቀምጡ ኖሯል። ሦስት ቦታ። ከዚያ ምን አሉኝ መሰለህ? ‹አሁን አስተካክለናል፤ ልጁ ቲቸር ግማሽ ነው ብላለች ብሎኛል፤ ለሁለት ነው የምንቆርሰው።› አመሰገኑኝ በዳሳ! አመስግነውኝ ሄዱ።»

በዳሳ ወረቀቷ ላይ አቀርቅሯል።

«ስሕተቱ የኔ ነው ብዬ እንዳልጠራቸው አፈርኩ። አንተንም እንዳልጠራህ አፈርኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የኔ ነገር። ወረቀቷን ግን መጣል አልቻልኩም።»

«እናቴ አላለቀሰችም» አለ በዳሳ። «ግማሽ ነው ስላት ቢላውን ይዛ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ለሁለት ቆረሰችው። የኔ ድርሻ ትልቅ ሆነች፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ አባቴ በቤታችን ተወርቶ አያውቅም።»

ጉሙ ውስጥ አንድ ልጅ ስቆ አለፈ።

በዳሳ ወረቀቷን አጠፋትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቲቸር፣ ይቺ የኔ ናት አይደል? ስሜ አለባት። ልቅደዳት። እኔ ምንም አላየሁም። እርስዎ ዓመቱን ይጨርሱ።»

ሐቁን እንናገር፤ ጥሩወርቅ እሺ ልትል ነበር። አፏን ከፍታለች። ነገር ግን በጉሙ መሐል ሲፈን የሹራቧን እጅጌ እየጎተተች ስታልፍ አየቻት።

«ያንተን ብትቀድ የሲፈንን ምን ልናደርገው ነው?» አለች። «ወረቀቷን አምጣት።»

ማስረከቢያው ክፍል የድሮ መጽሐፍ ይሸታል፤ መጽሐፎቹ ግን ከሄዱ ቆይተዋል። ጥሩወርቅ ግድግዳው ፊት ቆመች፣ በዳሳ እበሩ ላይ ቀረ።

«ስሕተቱን ያንብቡ» አለ ግድግዳው።

«ጥያቄ፦ ሁለት ልጆች አንድ ዳቦ ቢካፈሉ። የልጁ መልስ፦ ሲሶ። ስሕተቱ…» ወረቀቷን ዝቅ አደረገች። «ስሕተቱ፣ ለምን ብዬ ሳልጠይቅ ኤክስ ማድረጌ ነው።»

«የተሳሳተው ተማሪ ስም?»

«ተማሪ አይደለም። ጥሩወርቅ እባላለሁ። መምህር ነኝ።»

ግድግዳው «ተይዟል» አላለም። እንዲህ ዘግይቶ አያውቅም። ጥሩወርቅ ከውጭ የጽዱን ጠብታ ስትቆጥር ቆየች፤ አሥራ ሰባት ቆጠረች።

«ትክክሉ ምን ነበር?»

«‹ቀሪው ለማን ነው?› ብሎ መጠየቅ።»

«አመሰግናለሁ፤ ተይዟል።»

ደብዳቤው ረቡዕ ደረሳት። ቃሉ ሰው አያስከፋም፤ ለረጅም አገልግሎቷ ያመሰግንና ከሰኞ ጀምሮ ክፍል እንዳትገባ ያዝዛል። ክፍሉም ምስጉን አልተባለም። ሐሙስ ሰባት ትከሻ ነካች። አንዱም ሰሌዳው ያዘዘው አልነበረም፤ ለራሷ ብላ ነው።

አርብ በዳሳ ሰሌዳውን ሊረከባት መጣ። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ገብቶ ኋላ ቆመ፤ መቀመጥ አልፈለገም። ጉሙ ያን ቀን ደፍሮ በተከፈተው መስኮት ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። የኋላ ረድፍ ልጆች ግማሽ አካላቸው ብቻ ይታያል። የክለሳ ቀን ስለነበር ክፍልፋይ ተመልሶ መጣ። ግማሽ፣ ግማሽ፣ ግማሽ ይላል ካፊያው።

«ሲሶ» አለች ሲፈን።

ጥሩወርቅ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዞረች። ቃሉ አልጠፋም! ባቄላዋ አንድ ነገር ሹክ አለቻት፤ ሲፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ መለሰች። «ለወንድሜ ነዋ። እናቴ ሆድ ውስጥ ነው፣ ለሐምሌ ነው የሚመጣው። እስኪመጣ ድረስ እኔ ነኝ የማስቀምጥለት።»

ያን ጊዜ ነው ካፊያው የቆመው።

አሥራ አንድ ዓመት ቆሞ የማያውቅ ሹክሹክታ ድንገት ቀጥ አለ። ስልሳ ሁለቱም ልጆች ራሳቸውን ቀና አድርገው የሆነ ነገር ያዳምጣሉ። የተሰጣትን ስሕተት ከአገር የምታጠፋው ባቄላ፣ የጥሩወርቅንም ስሕተት አጥፍታው ኖሯል፤ ከእንግዲህ ሳይጠይቅ የሚያልፍ የለም። ልጆቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠይቃቸዋለች። ጥያቄውን ጥሩወርቅ አልሰማችም፤ መልሱን ግን ሰማች። መጀመሪያ ከበሩ አጠገብ፣ በቀስታ፦ «አያቴ ከበደች።» ከዚያ ከወዲያ፦ «አጎቴ ሁሴን።» «አባዬ።» «እህቴ ያብስራ፣ ሐዋሳ ነው ያለችው።» «ጎረቤታችን ጋሽ ደቻሳ።» «ውሻዬ ቡቺ፤ ውሻ ይቆጠራል?» አንዱ ልጅ ምንም ስም አላገኘምና «ለማንም ይሁን፤ የራበው ሰው ከመጣ» አለ። ክፍሉ በስም ተሞላ። ያልመጡት ሰዎች በጉሙ አብረው ገብተው በወንበሮቹ መሐል ቦታ የሚፈልጉ ይመስል ነበር።

ሰሌዳው በእጇ ላይ ሞቀ። ስልሳ ሁለቱም ነጥቦች ቢጫ ሆነዋል። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «ሁሉም ረድፍ። ትከሻ። የሰከንድ ገደብ የለውም።»

ስልሳ ሁለት ትከሻ፤ ያላት ሁለት እጅ። ቀና ብላ ወደ ኋላ አየች። በዳሳ ግድግዳውን ተደግፎ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ባቄላ የለውም፤ ማንም አልጠየቀውም። «ገመዳ» ነው የሚለው፤ የአባቱን ስም።

«በዳሳ» አለችው። «አንተ ከኋላ ጀምር።»

ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ከፊተኛው ረድፍ ጀመረች። አንድ ልጅ፣ ከዚያ ቀጣዩን። እሱም ከኋላ መጣ፣ ጎንበስ እያለ፣ እንዳልለመደ ሰው በፍርሃት። ሹክሹክታው ቀጠለ፣ ጉሙ ቀጠለ። ሲፈን ዘንድ ስትደርስ ልጅቷ እጅጌዋን ለቃ የቲቸሯን ጣት ያዘች፣ ትንሽም ቆዩ።

ክፍሉ መሐል ላይ ጥሩወርቅና በዳሳ ተገናኙ። ስልሳ ሁለቱ ተዳርሰዋል። የቀረው ትከሻ የሱ ብቻ ነበርና፣ እጇን አነሣች።